ምእመን ይቆስላል ተብሎ መጽሐፍ አይቀበርም፤ ለመሪጌታ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የመሪጌታን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ታክሲ ውስጥ በስልኬ፣ ማታ ደግሞ ቤቴ ገብቼ በእርጋታ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጉዳዬ ከሐሳባቸው ጋር ነው። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ያስጠኑኝ ሰው ናቸው። ዛሬም ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብዬ ነው ሰላም የምላቸው። ይህን ስጽፍም እንደዚያው ጎንበስ ብዬ ነው። ዝም ግን አልልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የከተማችን ወጣት መምህር ልቦለድ ጽፏል። ታሪኩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ የሚያልፍ ነው፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ ስለሚባሉት መነኮሳት። መጽሐፉ ገና ማተሚያ ቤት አልገባም። ሽፋኑ ግን በቴሌግራም ዞረ። መሪጌታ ሽፋኑን አዩና ብዕራቸውን አነሱ። መጽሐፉ መታተም የለበትም ባይ ናቸው። ምክንያታቸው ብዙ ነው፦ ምእመኑን ያቆስላል፣ የደግ ንጉሥ ስም ያጎድፋል፣ ልቦለድ ስለሆነ እውነትና ፈጠራ ይቀላቅላል፣ ጊዜው አይደለም፣ የውጭዎቹ ትልልቅ አሳታሚዎች እንኳ እንዲህ ያለውን ይተዉታል፣ በሌላው ሃይማኖት ላይ ቢሆን ማንም አይደፍርም። መፍትሔያቸውም ሃይማኖት የሚነካ መጽሐፍ ሁሉ ከመታተሙ በፊት በአባቶችና በሽማግሌዎች ኮሚቴ እንዲመረመር ነው።

አንባቢ አውቆ እንዲመዝነኝ አንድ ነገር ልናገር። ረቂቁን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ለእርማቱም ተከፍሎኛል። ሌላም ልጨምር። ኦርቶዶክስ ነኝ። ለእመቤታችን እሰግዳለሁ። የምከራከረው ደቂቀ እስጢፋኖስ በትምህርታቸው ልክ ነበሩ ብዬ አይደለም።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ደቂቀ እስጢፋኖስ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከትግራይ የተነሡ፣ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ናቸው። ስግደት ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አሉ። ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም እንደዚሁ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ በእመቤታችን ፍቅር የሚታወቅ ንጉሥ ነው። 33ቱን በዓላቷን የደነገገ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያደረገ። ሁለቱ ተጋጩ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ንጉሡ አፍንጫቸውንና ምላሳቸውን አስቆረጠ፤ የካቲት 2 ቀንም በድንጋይ አስወገራቸው። በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10፣ እነሱ በተወገሩበት ቦታ ላይ ከሰማይ ብርሃን ወረደ። ንጉሡ ቦታውን ወደደው። ቤተ ክርስቲያን ሠራበት፣ ከተማውንም እዚያው አደረገ። ደብረ ብርሃን የምንላት እሷ ናት።

መሪጌታ፣ ከዚህ በኋላ በቀጥታ ላናግርዎ።

ምእመኑ ይቆስላል ብለዋል። የትኛው ምእመን? ይህን የምጠይቀው ለመከራከር ያህል አይደለም፤ እኔም ረቂቁን ሳርም ሌሊት ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። ስለዚህ የማውቃትን ምእመን ጠየቅሁ። እናቴን።

እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳትሳለም የምትውልበት ቀን የለም፤ ያ የእኛ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በኅዳር ንጋት እንኳ ነጠላዋን በጋቢ ደርባ ትወጣለች። አንድ ማታ ምስር እየለቀመች ሳለ የመወገሩን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ምንም አልቀነስኩም። መሐል ላይ እጇ ቆመ። ሰፌዱ ጭኗ ላይ እንዳለ ቀረ። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ንጉሡ አልነበረም። «ስማቸው ተጽፏል?» አለች። የአንዳንዶቹ ተጽፏል አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እኔ ለእመቤቴ እስክሞት እሰግዳለሁ። ግን ድንጋይ ይዞ የቆመብኝ የለም። ወድጄ ነው የምሰግደው» አለች። ከዚያ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሁለት ጧፍ እንዳበራች ነገረችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እናቴ ሁሉም ምእመን አይደለችም፤ አውቃለሁ። የሚቆጣ ይኖራል፣ የሚያለቅስም ይኖራል። እርስዎ ግን ሁላችንንም በአንድ ላይ «አይችሉትም» ብለው ፈረዱብን። ምእመኑን እንደ ሕፃን፣ እንደ ታማሚ፣ ነገር ከፊቱ እየተነሣለት ማደር እንዳለበት ሰው አዩት። ይኼ ምእመን እኮ በሕማማት ሰሞን ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ሲክድ ቆሞ የሚሰማ ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ኦርዮንን በሰይፍ እንዳስገደለ እያወቀ መዝሙረ ዳዊትን በየጠዋቱ የሚደግም ነው። እምነቱ በዚህ አልፈረሰበትም። እናቶቻችን የጴጥሮስን ክህደት ሰምተው ጴጥሮስን ይበልጥ ወደዱት እንጂ አልጠሉትም።

መከፋት እውነተኛ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን በተከፋ ሰውና በተጎዳ ሰው መካከል ልዩነት አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የተደፈረበት፣ ጸሎቱ የታወከበት ሰው ተጎድቷል፤ ሕግም ይደርስለታል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 492 የሃይማኖት ሥርዓት የሚያውክን፣ ለአምልኮ የሚያገለግል ቦታና ዕቃ የሚያረክስን የሚቀጣው ለዚህ ነው። መጽሐፍ ግን ማንም ሳይገዛው ቤቱ አይገባም። ገልጦ ያልወደደው ይዘጋዋል። ወይም እንደ እርስዎ ብዕር ያነሣና ይመልሳል።

ሁለተኛው ነጥብዎ ንጉሡ ነው። ካም የአባቱን የኖኅን ዕርቃን አይቶ ለወንድሞቹ እንዳወራ፣ ይህ ልጅም የአባቱን ገመና ሊያወጣ ነው ብለዋል። ጽሑፍዎ ውስጥ በጣም የከበደኝ ይኼ ነው። ምሳሌው ቀላል አይደለም። ግማደ መስቀሉ ወደ ግሸን የገባው በዚህ ንጉሥ ዘመን ነው ብላ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። መስከረም 21 ግሸን የሚወጣ ሰው የዘርዐ ያዕቆብ ስም ሲነሣ ልቡ ይሞቃል። የኔም ይሞቃል።

ግን መሪጌታ፣ ገመናውን ማን አወጣው? ይህ ልጅ አይደለም። የካቲት 2ን፣ ድንጋዩን፣ የተቆረጠውን ምላስ የጻፈልን የንጉሡ የራሱ ዜና መዋዕል ነው። የቤተ መንግሥት ጸሐፊ እንጂ ጠላት አልጻፈውም። ያው ዜና መዋዕል ንጉሡ በጣዖት ነገር በወሬ የተከሰሱትን የገዛ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹን ሳይቀር አስገርፎ እንዳስገደለ ይናገራል። ይህ ጽሑፍ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ በየዓመቱ የምንተርከው የብርሃኑ ታሪክ የሚገኘው በዚያው ገጽ ላይ ነው። ከላይ ድንጋዩ፣ ከሥር ብርሃኑ። ለቱሪስቱም ለተማሪውም ብርሃኑን እያነበብን ድንጋዩን ስንዘለው ኖረናል። ልጁ ያደረገው ገጹን ከላይ ጀምሮ ማንበብ ነው።

ደግሞስ አባት ማን ነው? ጉንዳ ጉንዶን ያስቡ። የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ አጋሜ ውስጥ። ዛሬ የኛው ቤተ ክርስቲያን ገዳም ነው። ያኔ የተሳደዱት መነኮሳት ልጆች በጊዜ ብዛት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቀው እዚያው ቀጠሉ። የብራና መጻሕፍታቸው ውበት ዓለም የሚያደንቀው ነው። የአባቶቻቸውን ገድልም ጠብቀው አቆዩ። እና የካቲት 2 የወደቁትም የአንድ ቤት አባቶች ናቸው። የአንዱን አባት ዕርቃን ለመሸፈን የሌላውን አባት ሬሳ መሸፈን አለብን ወይ? ሴምና ያፌት ልብሱን ይዘው ወደ ኋላ የሄዱት ለሰከረ አባት ነው። የሞተ ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ይህን ጉዳይ ከልጁ በፊት በድፍረት የነካው የኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ የሸንኮራ ልጅ። በ1968 ዓ.ም. በወታደሮች ጥይት ተመትቶ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ የኢትዮጵያን ብራናዎች እየመረመረና ዝርዝራቸውን እያዘጋጀ አሳለፈ። የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሶ «በሕግ አምላክ» በሚል በ1996 ዓ.ም. አሳተመው። ደስ ያላቸው ነበሩ፤ ቅር ያላቸውም ነበሩ። እሱ ራሱ የተዋሕዶ ልጅ ነበር። እስኪ ልጠይቅዎ፤ ያ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ ከሥላሴ የቀረ አንድ ምእመን ያውቃሉ? በደብረ ብርሃን የእመቤታችን ንግሥ ቀዝቅዟል? እኔ አላየሁም።

ስለ ልቦለድነቱ ያነሡት ላይ ግን ግማሽ መንገድ አብሬዎት እሄዳለሁ። ታሪክ ጸሐፊ ምንጩን ይዞ ይቆማል። ልቦለድ ጸሐፊ ግን በሰው አፍ ቃል ያስገባል። የተቀደሰ ስም ባለበት ቦታ ይኼ ትልቅ ኃላፊነት ነው። በረቂቁ ላይ አንድ ትዕይንት ነበር። አንድ መነኩሴ በንጉሡ ፊት ቆሞ ስለ እመቤታችን እዚህ የማልደግመውን ቃል ይናገራል። ልጁን ጠርቼ «ይህን ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ንዴቱን ለማሳየት ነው» አለ። ደቂቀ እስጢፋኖስ አንሰግድም አሉ እንጂ ድንግልን መሳደብ ትምህርታቸው አልነበረም። ይህን ቃል በአፋቸው ብትጨምር ሁለቴ ትወግራቸዋለህ አልኩት። አምስት ቀን አኮረፈኝ። በስድስተኛው ቀን መጥቶ ራሱ በእርሳስ ሰረዘው። አሁን መጨረሻው ላይ የትኛው ከዜና መዋዕሉና ከገድሉ እንደተወሰደ፣ የትኛው የራሱ ፈጠራ እንደሆነ የሚናገር ሁለት ገጽ አለ።

አሳታሚ ለምእመን ዕዳ አለበት ካሉኝ፣ አዎ አለበት። ዕዳው ይኼ ነው የሚመስለኝ። ያልነበረ ስድብ አለመፍጠር። ምንጩን መናገር። አንባቢን ለማናደድ ብሎ ቀለም አለመጨመር። የሰውን ሥግደት መሣቂያ አለማድረግ። ለዚህ ነው ስለ ሽፋኑ የጻፉት ልክ ነው የምለው። በስልክ የዞረው ሽፋን የእመቤታችንን ሥዕል በድንጋይ ተሰንጥቆ ያሳይ ነበር። ታሪኩ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። የተወገረው ሰው ነው፤ ሥዕል አይደለም። ሽፋኑን የሠራው ልጅ ዓይን የሚስብ መስሎት ነው ያደረገው፤ ደራሲውም «ይሁን» አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል። ያንን አይተው የቆሰሉ ሰዎች ካሉ ቁስላቸው አግባብ አለው። ሽፋኑ ተቀይሯል። አሁን ያለው ባዶ ሜዳና ንጋት ነው።

ጊዜው አይደለም ስላሉት። እዚህ ላይ ድምፅዎ ውስጥ ፍርሃት ሰማሁ፤ ፍርሃቱ የኔም ነው። አጣዬ ስትነድ አይተናል፤ ሚያዝያ 2013ን ማን ይረሳል። ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ጣርማ በር ላይ ዓይናችንን ተክለን ያደርንባቸውን ሌሊቶች እርስዎም እኔም አንረሳቸውም። ከተማችን ዛሬም ተፈናቃይ ታስጠልላለች። በዚህ ቁስል ላይ እንጨት መስደድ አይገባም ብለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል ብለዋል።

ቅጠሉን ግን ወዴት ነው የምንወረውረው? ባለፉት ዓመታት ሰው ለሰው ያስነሣውን ነገር መለስ ብለው ያስቡት። ሦስት መቶ ገጽ አንብቦ ዱላ ያነሣ ሰው አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመኝ በስልክ የተላከ ሁለት መስመር አንብቦ፣ ያንንም ሳያጣራ የተቆጣ ነው። በሰማ በለው ነው የጎዳን። መጽሐፍ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቁጭ ያሰኛል። ሥልጣን የያዘ ሰው «እንደኔ ካልሰገድክ» ብሎ ድንጋይ ሲያስነሣ ምን እንደሚመጣ የሚያሳይ ታሪክ ዛሬ ካልተነበበ መቼ ይነበባል? ደግሞ «ጊዜው አይደለም» የሚባለው ነገር ጊዜው ሲደርስ አይቼ አላውቅም። በልጅነቴም ጊዜው አልነበረም።

ምክርዎን የምቀበልበት አንድ ቦታ አለ። ደራሲው መጽሐፉን መጋቢት 10 ሊያስመርቅ አስቦ ነበር፤ ለታሪኩ ስለሚገጥም። መጋቢት 10 የመስቀል በዓል ነው። ሕዝብ በዓሉን በሚያከብርበት ቀን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማስመረቅ ሆን ብሎ መነካካት ይመስላል አልነው። ሌላ ቀን ይሆናል።

ወደ ውጭው ዓለም ምሳሌዎ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 ራንደም ሐውስ የተባለው የአሜሪካ ግዙፍ አሳታሚ ስለ ነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት ስለ ዓኢሻ የተጻፈ ልቦለድ ሊያወጣ ሲል ትቶታል፤ ይህም አስተዋይነት ነው ብለዋል። መተዉ እውነት ነው። ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። አሳታሚው የተወው ሙስሊሞች አንብበው ስለተቃወሙ አልነበረም። መጽሐፉ ገና አልወጣም። ረቂቁን አስቀድማ ያየች አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት አደጋ አለው ብላ ስላስጠነቀቀች ነው። እና የሙስሊሙ ዓለም አንዲት ገጽ ሳያነብ «እነዚህ ሰዎች ያቃጥላሉ» ተብሎ ተፈረደበት። ከዚህ የከበደ ስድብ ከመጽሐፉ ውስጥ ይገኝ ነበር? አይመስለኝም። በኋላ መጽሐፉን አሜሪካ ውስጥ ሌላ አነስተኛ አሳታሚ አወጣው። ለንደን ውስጥ ሊያወጣው የተነሣው ሰው ቤት ላይ ደግሞ በመስከረም ወር ሦስት ሰዎች እሳት ለቀቁ። ፖሊስ ይከታተላቸው ነበርና ተያዙ። በማግሥቱ ዓመት እያንዳንዳቸው አራት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው።

ፍርሃቱን አላሾፍበትም። ብዙ ሙስሊሞችን ባስቆጣው በሰልማን ሩሽዲ ልቦለድ ምክንያት ጃፓናዊው ተርጓሚ ሒቶሺ ኢጋራሺ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገደለ። የኖርዌዩ አሳታሚ ዊልያም ኒጋርድ በ1993 በጥይት ተመታ፤ ደግነቱ ተረፈ። አሳታሚ ሠራተኛ አለው፣ የሠራተኛው ልጆች አሉ። «ለሠራተኞቼ ፈራሁ» የሚል አሳታሚ ቢኖር አልወቅሰውም። የኛንም ረቂቅ አንድ ማተሚያ ቤት ቀብድ ከተቀበለ በኋላ «ችግር ይመጣብናል» ብሎ መልሶታል፤ አልተቀየምኩትም። ግን ፈርቶ መተው አንድ ነገር ነው። የፈራውን ሰው ጨዋና ሥነ ምግባር ያለው፣ ያልፈራውን ደግሞ ባለጌ ማድረግ ሌላ ነው። እሳቱን የለኮሰው ሰው በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስሙ እንኳ አይነሣም።

በሙስሊሞች ላይ ቢሆን አትደፍሩም ያሉትን ባያነሡት ደስ ይለኝ ነበር። ካነሡት ግን ልመልስ። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል አለ፤ ከይፋት ጋር ስለተደረገው ጦርነት የሚተርከው። ይፋት እዚሁ ቁልቁል ነው፤ ጎረቤታችን። ያ ዜና መዋዕል ስለ ይፋት ሙስሊሞች የሚናገርበት ቋንቋ ዛሬ ሲነበብ ጆሮ ይሰቀጥጣል። ታትሟል፣ ተተርጉሟል፣ ተማሪ ይጠቅሰዋል። ሸዋ ሮቢትም አልዩ አምባም ሙስሊም ወዳጆች አሉኝ፤ ይታገድልን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ያውም እነሱ ስለ ራሳቸው አባቶች በሌላ ሰው የተጻፈ ስድብ ችለው ነው። እኛ የራሳችን ልጅ፣ የራሳችንን ዜና መዋዕል ይዞ፣ ስለ ራሳችን ቤት የጻፈውን ካልቻልን ልናፍር የሚገባን እኛ ነን።

ለገንዘብ ነው የጻፈው ብለዋል። ልጁ ለወረቀት ዋጋ የወንድሙን ሁለት በሬ አሽጧል። ይኼን ብቻ ልበልና ልለፈው።

የቀረው ኮሚቴው ነው። መሪጌታ፣ ከጽሑፍዎ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት የሚያይ ኮሚቴ ነበረን እኮ። በደርግ ጊዜ እያንዳንዱ ረቂቅ ሳንሱር ይገባ ነበር። ያኔ መንፈሳዊ መጽሐፍ ማሳተም ምን ያህል ጭንቅ እንደነበር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። ያ ሳንሱር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀረ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29ም ቅድመ ምርመራ የተከለከለ ነው ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ የታተመውን የገድል፣ የድርሳን፣ የመዝሙር፣ የስብከት መጽሐፍ ብዛት በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይዩት። ሳንሱር መቅረቱ ከማንም በላይ የጠቀመው ለኛ ለምእመናን ነው። ዛሬ ለአንድ ልቦለድ ብለን መቀሱን መልሰን ብናነሣ መቀሱ ነገ በማን እጅ እንደሚሆን ዋስትና የለንም። የእርስዎ ኮሚቴ የልጁን መጽሐፍ ያስቀራል። የሚቀጥለው ኮሚቴ የእርስዎን ስብከት ያስቀራል።

ቤተ ክርስቲያን ምንም አትበል ማለቴ አይደለም። የሊቃውንት ጉባኤ አላት። በስሟ የሚወጣውን ትመረምራለች፤ መብቷም ግዴታዋም ነው። «ይህ መጽሐፍ የእኛ ትምህርት አይደለም» ብላ ልታውጅ ትችላለች። ስሕተቱን በምዕራፍና በቁጥር ነቅሳ ልትመልስ ትችላለች። ይኼ እኮ የአባቶቻችን የቆየ መንገድ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ይዩ። ከዘርዐ ያዕቆብ ንግሥና ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መጽሐፈ ምሥጢርን ጻፈ። የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስን ትምህርት አንድ በአንድ እያነሣ መለሰ። ለመመለስ መጀመሪያ ምን እንዳሉ መናገር ነበረበት፤ ተናገረም። አርዮስ ምን እንዳለ ዛሬ የኛ ተማሪ የሚያውቀው ከአርዮስ ተከታዮች ሳይሆን ከአባ ጊዮርጊስ ነው። ምእመኑ ይሰናከላል ብሎ አልሸሸገም። ራሱ ዘርዐ ያዕቆብም ቢሆን የሚቃወሙትን የሚሞግትባቸው መጻሕፍት አሉት፤ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ። ከዚያ ንጉሥ የምወርሰውን ልምረጥ ብባል መጻሕፍቱን እመርጣለሁ። ድንጋዩን ለታሪክ እተዋለሁ።

እርስዎም ያንን መንገድ ይችሉበታል። በልጅነታችን አንዱን ቃል ሁለት ሦስት አንድምታ እየሰጡ ሲተረጉሙልን አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማዎ። «አንድም» ብለው ሲቀጥሉ ሌላ በር የተከፈተ ይመስለን ነበር። ለዚህ መጽሐፍም እንደዚያ ያለ መልስ ቢጽፉለት የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ። እርማቱንም ያለ ክፍያ እሠራልዎታለሁ።

ጽሑፍዎ ውስጥ አንድም ቦታ ከመጽሐፉ የተጠቀሰ ቃል የለም። ሊኖርም አይችልም፤ አላነበቡትማ። ያየሁት ሽፋኑን ነው ብለው ራስዎም ጽፈዋል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ረቂቁን በቤትዎ ይዤ እመጣለሁ። ፊደሉ ትንሽ ነው፤ መነጽርዎን ያዘጋጁ። ልጁ በእርሳስ የሰረዘው ገጽ ላይ ወረቀት አጥፌ አስቀምጫለሁ። ከዚያ ይጀምሩ።